የደሴ ሙዝ፣ የኮምቦልቻ ሙዝ

ከአርባ ምንጭ ጥሬውን ተጭኖ ወደ ወሎ የሚመጣው ሙዝ ከፊሉ ኮምቦልቻ ላይ ይራገፋል፤ የቀረው የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ይገባል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ ቢበዛ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ይሁን እንጂ ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር ጥቂት ከፍ ብላ በቦርከና ሸለቆ ስትገኝ፣ ደሴ ግን በጦሳ ተራራ ሥር 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች፣ በአንድ ቀን ከአንድ ማሳ ተቆርጦ በአንድ አይሱዙ የመጣ ሙዝ በሁለቱ ከተሞች ሁለት ዓይነት ሆኖ ይበስላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ደሴ የሰነበተው ሙዝ ቢጫነቱ ደብዝዞ ወደ ግራጫ ያደላል፤ ሲላጥም ከልጣጩ ሥር ቡናማ ጭረቶች ይታዩበታል። በግንቦትና በሰኔ ኮምቦልቻ የበሰለው ደግሞ ልጣጩ አረንጓዴ እንደሆነ ውስጡ ይላሽቃል።

ደሴ ውስጥ አነስተኛ ጁስ ቤት ስላለኝ ሁለቱንም ዓይነት ሙዝ በየጊዜው እገዛለሁ፤ ደንበኞቼም ሁለቱንም በአንድ ስም ይጠሯቸዋል፦ «የላምባ ሙዝ»፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ላምባ እየነደደ የበሰለ ማለታቸው ነው። ጣዕም ያጣ፣ ቶሎ የሚዘቅጥ ወይም መልኩ ያላማረ ሙዝ ሁሉ ጥፋቱ የላምባው ነው ተብሎ ይደመደማል። እኔ ግን ላምባው ያለ ጥፋቱ እየተከሰሰ ነው ባይ ነኝ። ከጥፋት ሁሉ ነጻ ነው ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን ሙዙን የሚያበላሸው በአብዛኛው ጢሱ ሳይሆን ከጢሱ ጋር አብሮ የሚመጣው ሙቀት፣ ደሴ ላይ ደግሞ የሙቀት እጦት ነው። ጢሱና ሙቀቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለመረዳት ፍሬ ከተቆረጠ በኋላ ምን እንደሚሆን ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል።

ፍሬ ከዛፉ ተለየ ማለት ሞተ ማለት አይደለም። ኦክስጅን እየሳበ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሙቀት እየለቀቀ መተንፈሱን ይቀጥላል፤ የሚተነፍሰውም ከዛፉ ላይ ያጠራቀመውን ስንቅ እየበላ ነው። ጥሬ ሙዝ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህሉ ስታርች ሲሆን፣ መብሰል ሲጀምር ይህ ስታርች ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ስኳር ይለወጣል። የሕዋሶቹን ግድግዳ አያይዞ የያዘው ፔክቲን ሲፈርስ ፍሬው ይለሰልሳል፤ አፍ የሚያኮማትረው ታኒን ተያይዞ የማይሟሟ ስለሚሆን የማኮማተር ስሜቱ ይጠፋል። ልጣጩን አረንጓዴ ያደረገው ክሎሮፊል ሲጠፋም ቀድሞውኑ ከሥሩ የነበረው ቢጫ ቀለም ይገለጣል። እነዚህ ለውጦች አንድ ላይ የሚካሄዱ ይምሰሉ እንጂ እያንዳንዳቸውን የሚያካሂዱት የየራሳቸው ኢንዛይሞች ናቸው፤ አንዱ ቆሞ ሌላው ሊቀጥል ይችላል። የኮምቦልቻው ሙዝ ምሥጢር ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

ከተቆረጠ በኋላ የሚበስለው ሁሉም ፍሬ አይደለም። ሙዝ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ አቮካዶ፣ ዘይቱን፣ ቲማቲም፣ ፖምና በእኛ ደጋ የሚበቅለው ኮክ ከዛፍ ወርደው ይበስላሉ። ብርቱካን፣ ሎሚ፣ ወይን፣ አናናስና በክረምት በየመንገዱ የሚሸጠው በለስ ግን ሲቆረጡ በነበሩበት ጣፋጭነት ይቀራሉ፤ ቢያቆዩዋቸው ይደርቃሉ ወይም ይበሰብሳሉ እንጂ አይጣፍጡም። ስለዚህ ኮምጣጣ ብርቱካን ገዝቶ «ቤት ውስጥ ይበስላል» ብሎ ማስቀመጥ ከንቱ ድካም ነው። አረንጓዴ ብርቱካን ሁሉ ጥሬ ነው ማለት ግን አይደለም፤ ብርቱካን ወርቃማ መልክ የሚይዘው ሌሊቱ ቀዝቀዝ በሚልበት አገር ስለሆነ፣ በቆላ የበቀለ ብርቱካን ውስጡ ጣፍጦ ልጣጩ አረንጓዴ ሊሆን ይችላል። በሌላው ጫፍ ያለው አቮካዶ ነው፤ ዛፉ ላይ እስካለ ድረስ ስንት ሳምንት ቢቆይ አይለሰልስም፤ መብሰል የሚጀምረው ከተቆረጠ በኋላ ብቻ ነው። ለአቮካዶ ገበሬ ዛፉ ራሱ መጋዘን ነው ማለት ይቻላል፤ ይህን ዕድል የሙዝ ገበሬ አላገኘውም።

ከቆረጣ በኋላ የትኛውም ጥበብ ሊጠግነው የማይችለው ነገር ቢኖር ያለጊዜው መቆረጥ ነው። ሙዝ ጎን ጎኑ ጠርዝ አውጥቶ ቀጭን ሳለ ከተቆረጠ ወደ ስኳር የሚለወጠው ስታርች ገና አልተጠራቀመም፤ ቢጫ ይሆናል፣ ይለሰልሳል፣ ጣዕም ግን ከየት ያመጣል? ማንጎም እንዲሁ ነው፤ ትከሻው ሞልቶ ከግንዱ ጫፍ ከፍ ሲል የደረሰ ነው፤ ትከሻው የወደቀ ማንጎ ምንም ቢያደርጉለት ያው ነው። ዋጋው ውድ በሚሆንበት የወቅቱ መጀመሪያ ላይ ገበያ የሚወጣውን ማንጎ የማልገዛው በዚህ ምክንያት ነው።

የሚበስሉትን ፍሬዎች ወደ መብሰል የሚያስገባቸው ኢቲሊን የሚባል ቀላል ጋዝ ነው፤ ሁለት የካርቦንና አራት የሃይድሮጅን አቶሞች ብቻ ያሉት፣ ቀለም የሌለው ነው። ፍሬው ራሱ ሜቲዮኒን ከተባለ አሚኖ አሲድ ተነሥቶ ይሠራዋል። ነገሩን ልዩ የሚያደርገው ኢቲሊን ያገኘ ፍሬ ራሱ ሌላ ኢቲሊን ማምረት መጀመሩ ነው፤ ልክ ጥቂት እርሾ ሊጡን ሁሉ እንደሚያቦካ፣ አንድ የበሰለ ሙዝ የሳጥኑን ሙዝ ሁሉ ያስነሣል። አንዴ ከተነሣ በኋላ ደግሞ ማዘግየት እንጂ መመለስ አይቻልም። የተመታ፣ የተቆረጠ ወይም በሻጋታ የተያዘ ፍሬም ኢቲሊን አብዝቶ ይለቃል። የጥንት ግብፃውያን ሾላን ዛፉ ላይ ሳለ በስለት እየበጡ ያበስሉት የነበረው፣ ስሙን ባያውቁትም ሥራውን ስላወቁት ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 ደግሞ ካዝንስ የተባለ ኬሚስት ከጃማይካ ሲጽፍ፣ ብርቱካንና ሙዝ በአንድ መርከብ አብረው አይጫኑ ብሎ አሳስቦ ነበር። ብርቱካን ራሱ የሚለቀው ኢቲሊን ጥቂት በመሆኑ፣ ሙዙን ያስነሣው ብርቱካኑ ላይ የነበረው አረንጓዴ ሻጋታ ሳይሆን እንደማይቀር ኋላ የመጡት ተመራማሪዎች ገምተዋል። የሻገተ ብርቱካን ከሙዝ ጎን የሚያስቀምጥ ባለ ጉሊት ሁሉ ሳያውቅ ይህንኑ እየሠራ ነው።

ላምባ ወደዚህ ታሪክ የገባው በካሊፎርኒያ በኩል ነው። የዚያ አገር ነጋዴዎች አረንጓዴ ሎሚን ቢጫ ለማድረግ በላምባ ምድጃ በሚሞቁ ክፍሎች ውስጥ ያስቀምጡት ነበር፤ ሎሚውን የለወጠው ሙቀቱ መሆኑንም ማንም አልተጠራጠረም። ምድጃው እሳት ስለሚያስነሣና ስለሚያስቸግር በዘመናዊ ማሞቂያ ሲተኩት ግን ክፍሉ እንደ ቀድሞው ሞቆ ሳለ ሎሚው አረንጓዴ እንደሆነ ቀረ። በአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ይሠራ የነበረው ፍራንክ ዴኒ ነገሩን መርምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1924 ባሳተመው ጥናት ቀለሙን የሚለውጠው ላምባው በደንብ ሳይነድ ሲቀር በጢሱ ውስጥ የሚወጣው ኢቲሊን መሆኑን አሳየ። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ1934፣ ሪቻርድ ጌን የተባለ እንግሊዛዊ ፖም ራሱ ይህንኑ ጋዝ እንደሚያመነጭ አረጋገጠ። ዛሬ በአገራችን የሙዝ ማብሰያ ቤቶች ውስጥ የሚነደው ላምባ፣ ካሊፎርኒያ ከመቶ ዓመት በፊት ከተወችው ምድጃ ጋር በሥራው አንድ ነው፤ ሙቀቱ ነው የሚያበስለው የሚለው እምነትም አብሮት ሳይለወጥ ዘልቋል።

ኮምቦልቻ ውስጥ ሙዝ የሚያከፋፍሉልኝ አንድ ሐጂ አሉ። የማብሰያ ክፍላቸው መስኮት የሌላት፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ግድግዳዋ በሲሚንቶ የተለሰነ ጠባብ ክፍል ናት። ሙዙ ከነዘለላው በሦስቱ ግድግዳ ጥግ እስከ ደረት ተቆልሎ፣ ላዩ በደረቀ የሙዝ ቅጠልና በጆንያ ይሸፈናል፤ መሐል ላይ ሁለት የላምባ ምድጃዎች ክራቸው ዝቅ ተደርጎ ይነዳሉ፤ የበሩ ስንጥቅም በጨርቅ ይጠቀጠቃል። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚቀበልህ ዓይን የሚያቃጥል ጢስ ነው፤ ቀጥሎ የሚሰማህ የሙዝ ሽታ ሳይሆን እንደ ጠላ ያለ የመፍላት ሽታ ነው። ምድጃው አጠገብ ያሉት ዘለላዎች ልጣጫቸው ላይ ጥቀርሻ አለ፤ በጣት ሲነኩ ይጎደጉዳሉ፤ አረንጓዴ ናቸው። በር ሥር ያሉት ደግሞ ቢጫ ሆነው ጠንካራ ናቸው። ይዤ የሄድኩትን ቴርሞሜትር ምድጃው አጠገብ ሳስቀምጠው 31 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሳየ፤ በር ሥር ደግሞ 22 ነበር።

«ልጄ፣ ሙዝ ያለ ሙቀት አይበስልም» አሉኝ ሐጂ።

«በር ሥር ያለው ሳይሞቅ ከምድጃው ጎን ካለው በልጦ ቢጫ ሆኗልኮ፣ ሐጂ። ያበሰለልዎ ጢሱ ቢሆንስ?»

«ጢሱማ ያጠቁረዋል እንጂ ምን ይፈይዳል?»

መልሱን በክርክር ሳይሆን በበርሜል ነው የተስማማንበት። ክዳን ባለው የፕላስቲክ በርሜል ውስጥ ጥሬ ሙዝ ከጥቂት የበሰሉ ሙዞች ጋር አድርገን፣ ከማብሰያው ክፍል ውጭ ጥላ ውስጥ አስቀመጥነው፤ ሌላ ጥሬ ዘለላ ደግሞ ከጎኑ ባዶውን ተሰቀለ። በርሜሉ አንድ ሌሊት ተከድኖ ካደረ በኋላ በየጠዋቱና በየማታው ይናፈስ ነበር። የበርሜሉ ሙዝ ያለ አንዳች እሳት እኩል ቢጫ ሆኖ ሲወጣ፣ የተሰቀለው ገና አረንጓዴ ነበር። ሐጂ በርሜሉን ዙሪያውን ዞረው አይተው «አሃ» ብቻ አሉ፤ ነጋዴ ናቸውና ወዲያው ያሰሉት የላምባውን ወጪ ነው።

አሁን አረንጓዴ ሆኖ ወደሚላሽቀው ሙዝ ልመለስ። አገራችን ውስጥ ለገበያ የሚመረተው ሙዝ በአብዛኛው ካቨንዲሽ የሚባለው ዝርያ ሲሆን፣ ይህ ዝርያ ሙቀቱ ከ24 ወይም ከ25 ዲግሪ በላይ በሆነ ቦታ ሲበስል ክሎሮፊሉን የማፍረስ ሥራ ይስተጓጎልበታል፤ ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጠውና ፔክቲኑን የሚያፈርሰው ሥራ ግን አይቆምም፤ እንዲያውም ይፈጥናል። ስለዚህ ፍሬው ውስጡ ሙሉ በሙሉ በስሎ፣ አልፎ ተርፎም ዘቅጦ፣ ልጣጩ አረንጓዴ ይሆናል። ነጋዴው ቀለሙን አይቶ «ገና ነው» ይላል፤ ክሩን ከፍ ያደርጋል፤ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ቀለሙ ይበልጥ ይዘገያል። ኮምቦልቻ በበጋው መጨረሻ የቀኑ ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ በሚጠጋበት ጊዜ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር እሳት ማንደድ ሙዙን መቀቀል ነው። በዓለም ላይ በሥርዓት የሚሠሩት የሙዝ ማብሰያ ክፍሎች የሚያስፈልጋቸው ማሞቂያ ሳይሆን በአብዛኛው ማቀዝቀዣ ነው፤ ሙዙ ራሱ ሲተነፍስ ብዙ ሙቀት ያወጣልና። የክፍሎቹን ሙቀት ከ14 እስከ 18 ዲግሪ መካከል ይይዛሉ፤ በ18 ዲግሪ በ4 ቀን ገደማ፣ በ14 ዲግሪ ደግሞ በ8 ቀን ገደማ የሚሸጥ ሙዝ ያወጣሉ። ነጋዴው የሽያጩን ቀን የሚመርጠው ቴርሞስታቱን (የሙቀት መቆጣጠሪያውን) ከፍና ዝቅ በማድረግ ብቻ ነው። ኢቲሊኑን የሚሰጡት በመጀመሪያዎቹ 24 እስከ 48 ሰዓታት ብቻ ሲሆን፣ መጠኑም ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል ውስጥ ከ100 እስከ 150 ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ ፍሬው የራሱን ስለሚያመርት ተጨማሪ ጋዝ ምንም አይጠቅምም፤ የእኛ ምድጃዎች ግን ሙዙ እስኪወጣ ድረስ ይነዳሉ።

የደሴው ነገር ተቃራኒ ነው። ካቨንዲሽ ሙዝ ከ13 ዲግሪ በታች ሲቆይ በብርድ ይጎዳል፤ ጉዳቱም ወዲያው አይታይም። በልጣጩ ሥር ያሉት ሥሮች ይቡናማሉ፤ የሕዋሶቹ ሽፋን ስለሚጎዳ ሲበስል ቀለሙ ይደበዝዛል፤ አንዳንዴም ጭራሽ በወጉ ሳይለሰልስ ይጠቁራል። በደሴ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ፣ በረንዳ ላይ በሸራ ተሸፍኖ ያደረ ሙዝ ጠዋት ሲታይ ደህና አረንጓዴ ነው፤ የሚጋለጠው ከቀናት በኋላ ገዢው ቤት ነው። ስለዚህ ብርዱ በበረታበት ወቅት ጥሬ ሙዝ ወደ ደሴ አምጥቶ ከማብሰል ይልቅ፣ ኮምቦልቻ ላይ በሥርዓት አብስሎ የዕለት የዕለቱን ማውጣት ይሻላል የሚል እምነት አለኝ። በግንቦት ደግሞ ደሴ ለማብሰያነት ከኮምቦልቻ የተመቸች ትሆናለች፤ የሌሊቱ ብርድ እየቀለለ የቀኑም ሙቀት ልከኛ ስለሚሆን፣ በወፍራም የጭቃ ግድግዳ ውስጥ ያለ ክፍል ያለ ኤሌክትሪክ 18 ዲግሪ አካባቢ ሊቆይ ይችላል። ሐረጎ በተፈጥሮ የተሰጠን ቴርሞስታት ሆኖ ሳለ፣ ወቅቱን አይቶ ማብሰያውን ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ የሚያዛውር ነጋዴ እስካሁን አላየሁም።

ስለ አየር ሁለት ነገር ማንሣት አለብኝ። የመጀመሪያው ማናፈስ ነው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሙዙም ምድጃውም ኦክስጅን ይሻማሉ፤ ሁለቱም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃሉ። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከአየሩ 1 በመቶ ሲያልፍ የኢቲሊኑን ሥራ ማደናቀፍ ይጀምራል፤ ኦክስጅኑ እጅግ ሲያንስ ደግሞ ፍሬው መብሰሉን ትቶ መፍላት ይጀምራል። የጠላው ሽታ የመጣው ከዚህ ነው። መፍትሔው ምንም ወጪ የለውም፦ የመጀመሪያው 24 ሰዓት ካለፈ በኋላ በሩን በየ12 ሰዓቱ ለ20 ደቂቃ ያህል መክፈት። ይህ ለሠራተኛውም ሕይወት ነው፤ በደንብ ያልነደደ ላምባ ከኢቲሊኑ ጋር ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ የከሰል ጢስ ሰው እንደሚገድል የሚያውቅ አገር የላምባን ጢስ እንዴት እንደሚንቀው አይገባኝም። በሩ ተዘግቶ ምድጃ እየነደደ ማንም ሰው እዚያ ውስጥ ማደር፣ ማሸለብም ጭምር የለበትም። ሁለተኛው እርጥበት ነው። ሙዝ አየሩ እስከ 90 በመቶና ከዚያም በላይ እርጥበት ሲኖረው ልጣጩ ያምራል፤ በደረቅ አየር ውስጥ ክብደቱን ያጣል፣ ጫፉ ይጠቁራል፣ ትንሿ ጭረት ሁሉ ጠባሳ ሆና ትወጣለች። ወለሉን ውኃ መርጨትና ግድግዳው ላይ እርጥብ ጆንያ መስቀል ይበቃል፤ ውኃው ግን ፍሬው ላይ መንጠባጠብ የለበትም፤ ሻጋታ ይጠራልና።

ይህን ሁሉ ስነግራቸው ሐጂ ያነሡብኝ ተቃውሞ ፍሬ ነገር ነበረው። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ማቀዝቀዣ ያለው ክፍል ሠርቶ ሙዙን ከውስጡ መታመን አይቻልም፤ ገዢውም «ነገ ካልሰጠኸኝ ከሌላ እወስዳለሁ» የሚል ነው። ለዚህ መልስ የለኝም፤ የቀሩት ለውጦች ግን ኤሌክትሪክ አይጠይቁም። ምድጃውን ከሙዙ ክፍል አውጥቶ ጢሱን ብቻ በቱቦ ማስገባት ሙቀቱንና ጋዙን ይለያያቸዋል፤ ቱቦው ረዘም ካለ ጢሱ ቀዝቅዞ ይገባል፤ ጥቀርሻውም መንገድ ላይ ይቀራል። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ንጹሕ ኢቲሊን በሲሊንደር ወይም ከኢታኖል ኢቲሊን በሚያመነጭ መሣሪያ መጠቀም ነው። ኢቲሊን የሚቀጣጠል ጋዝ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን አደገኛ የሚሆነው ከአየሩ 2.7 በመቶ ሲደርስ ሲሆን፣ ለማብሰል የሚበቃው ከዚህ ከ150 ጊዜ በላይ ያነሰ ነው።

ስለ ካርባይድ ለሚጠይቁኝ መልሴ አጭር ነው፦ አይሞከር። ካልሲየም ካርባይድ የብየዳ ቤት ዕቃ ነው፤ እርጥበት ሲነካው አሲቲሊን የሚባል ጋዝ ይለቃል፤ ይህም ኢቲሊንን በደካማው ይመስላልና ፍሬውን ያስነሣል። ችግሩ ለኢንዱስትሪ የሚመረተው ካርባይድ አርሴኒክና ፎስፈረስ ስለሚቀላቀልበት፣ ከአሲቲሊኑ ጋር መርዛማ የሆኑት የእነዚህ ጋዞች አብረው መውጣታቸው ነው። ካርባይዱን በወረቀት ጠቅልሎ በማንጎ መሐል የሚያስቀምጥ ሠራተኛ ከበላተኛው ቀድሞ የሚጎዳው ራሱ ነው። ሕንድ ካርባይድን ለፍራፍሬ ማብሰያነት በሕግ ከልክላ፣ በምትኩ ኢቲሊን ጋዝን ከአንድ ሚሊዮን ክፍል ውስጥ እስከ 100 ክፍል ድረስ ፈቅዳለች። ላምባና ካርባይድን «ኬሚካል» በሚል አንድ ቃል ጠቅልሎ መኮነን ሁለቱን እኩል ማድረግ ነው፤ እኩል አይደሉም። ኢቲሊን ፍሬው ራሱ የሚሠራው ነገር ነው፤ አርሴኒክ አይደለም።

የማዘግየቱ ጥበብ የማፋጠኑን ያህል የእኛን ገበያ ስለማይነካ በአጭሩ ልለፈው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ የፍሬው አተነፋፈስ በግማሽና ከዚያም በላይ ስለሚወርድ፣ ዋናው መሣሪያ ቅዝቃዜ ነው፤ እያንዳንዱ ፍሬ ሊሸከመው እስከሚችለው ድረስ። ከአውሮፓ የሚመጣው ፖም ወራት ተቀምጦ ሳይለሰልስ የሚደርሰን በቅዝቃዜው ላይ ኦክስጅኑ ተቀንሶበት፣ ብዙ ጊዜም 1-ሜቲልሳይክሎፕሮፒን በተባለ ጋዝ ታክሞ ነው። ይህ ጋዝ በፍሬው ውስጥ ኢቲሊን የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ይይዘዋል፤ ኢቲሊኑ ቢመጣም ማረፊያ ያጣል። እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ ሲስለርና ብላንከንሺፕ የተባሉ ተመራማሪዎች የፈጠራ መብቱን ካገኙበት በኋላ የፖምን ንግድ ለውጦታል። ለሙዝ ግን በጥንቃቄ ካልተጠቀሙበት ቀለሙ ዥጉርጉር ሆኖ ይቀራል።

በጁስ ቤቴ የዕለት ራስ ምታቴ ከሙዝ ይልቅ አቮካዶ ነው፤ ጠዋት ስፕሪስ ለመሥራት ስነሣ ሁሉም ድንጋይ ወይም ሁሉም ጥቁር ሆኖ እንዳይጠብቀኝ እፈራለሁ። እናቶቻችን አቮካዶና ማንጎን ጤፍ ወይም ስንዴ ውስጥ ይቀብሩ የነበረው ትክክል ነበሩ፦ እህሉ ፍሬው የለቀቀውን ኢቲሊን አካባቢው ላይ ያቆይለታል፤ የደሴን የሌሊት ብርድም ይከላከልለታል፤ በእህሉ ቅንጣቶች መሐል ያለው ክፍተት ደግሞ ለመተንፈስ ይበቃል። ጥብቅ ብሎ የታሰረ ፌስታል የመጀመሪያውን ያደርጋል፣ የመጨረሻውን ግን ይከለክላል፤ ላብ ያስወጣዋል፤ ያሻግተዋል። እኔ የምጠቀመው በካርቶን ነው። ጥሬውን አቮካዶ በሁለት ካርቶን ከፍዬ፣ ነገ ለምፈልገው ካርቶን ሁለት የበሰሉ ሙዞች እጨምርበታለሁ፤ የከነገ ወዲያው ያለ ሙዝ ይቆያል። ካርቶኖቹ የሚያድሩት ከፍሪጁ ኋላ፣ ሞተሩ በሚያሞቀው ጥግ ነው፤ በክረምትና በኅዳር ደሴ ውስጥ ከዚያ የተሻለ 18 ዲግሪ አላገኘሁም።

ፍሪጁ ውስጥ የሚገባው የበሰለው ብቻ ነው። ጥሬ አቮካዶ ፍሪጅ ከገባ ብርዱ ጎድቶት ሥጋው ይጠቁራል፤ ከወጣም በኋላ በወጉ አይለሰልስም፤ ጥሬ ማንጎና ጥሬ ቲማቲምም እንዲሁ። በስሎ ለስላሳ የሆነ አቮካዶ ግን በ4 ዲግሪ ጥቂት ቀናት ይቆይልኛል። የበሰለ ሙዝም ሊገባ ይችላል፤ ልጣጩ በአንድ ሌሊት ይጠቁራል፤ ውስጡ ግን ነጭ ሆኖ ይቆያል፤ ለጁስ የሚሆነው ደግሞ ውስጡ ስለሆነ ደንበኛ ፊት ከመላጤ በፊት ጓዳ ገብቼ እልጠዋለሁ።